የሁለት ዓመት ልጄ ይናከሳል፤ ልታገሰው ወይስ ላስመርምረው?

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሲናደድ ይናከሳል፤ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። የሚናገረው አምስት ቃል ያህል ብቻ ነው። አማቴ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» ይሉኛል። ልጠብቅ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትጠብቂ። በዚህ ዕድሜ መናከስ ብቻውን በሽታ አይደለም፤ ስሜቱን በቃል መግለጽ ያቃተው ሕፃን በጥርሱ ይናገራል። ነገር ግን ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ «ውኃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል ማገናኘት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የንግግሩ መዘግየት መታየት አለበት።

መጀመሪያ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰጂው፤ የመስማት ችሎታው እንዲመረመርም ጠይቂ። በደንብ የማይሰማ ልጅ አመለኛ ሊመስል ይችላል። ስሙ ሲጠራ ይዞራል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? ይል የነበረውን ቃል ትቷል? ይህን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪያቸው፤ ሲናደድም በስልክሽ ቅረጪውና አሳዪያቸው። ካስፈለገ የካቲት 12 ሆስፒታል ወዳለው የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ሪፈር ይጽፉልሻል። ኦቲዝም ከተጠረጠረ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም አለ።

እስከዚያው አትምቺው። «መንከስ ያማል» ብለሽ በአጭሩ ከልክይው፤ ሳይናከስ ሲጠይቅሽ ወዲያው አመስግኚው።

ቀደም ብሎ የተጀመረ እርዳታ የተሻለ ውጤት አለው፤ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዢ።