ሳያማቸው ለምን ይመረመራሉ?

ጥያቄ፦ አባቴ 58 ዓመታቸው ነው። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ሲሮሲስ እንዳመጣባቸው ተነግሮን መድኃኒት ጀምረዋል። አሁን ደህና ናቸው፤ እርሻቸውንም ያርሳሉ። ሐኪማቸው ግን በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሡ ብሏል። እሳቸው «ምንም ሳያመኝ?» ይላሉ። ቢቀርስ? (ከመካነ ሰላም)

መልስ፦ እባክዎ አይቅር። ሲሮሲስ ለዓመታት የቆሰለ ጉበት በጠባሳ ሲሞላ የሚመጣ ነው፤ የጉበት ካንሰርም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እንዲህ ባለ ጉበት ላይ ነው። ጉበት ውስጡ ሕመም አይሰማውም። እብጠቱ አድጎ ሽፋኑን እስኪወጥረው ድረስ አባትዎ ማረሳቸውን ይቀጥላሉ። ጎን ሲወጋ፣ ሆድ ውሃ ሲቋጥር፣ ዐይን ቢጫ ሲሆን ደግሞ «ወፍ ነው» ተብሎ ቅጠል ሲጠጣ ይከረማል። እንዲህ ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው የምናደርግለት ጥቂት መሆኑ ሁሌም ያንገበግበኛል። ከ3 ሴንቲ ሜትር ሳያልፍ የተገኘውን ግን ቆርጦ ማውጣት ወይም በመርፌ ገብቶ ማቃጠል ይቻላል።

6 ወር የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ እብጠት በአማካይ ከ4 እስከ 6 ወር ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ቀጠሮውን ኅዳርና ግንቦት ላይ ብታደርጉት፣ አጨዳው ቢያጣድፍም፣ ክረምቱ መንገድ ላይ አይዛችሁም።

አልትራሳውንዱ ብቻውን አይበቃም። የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው ገና ከጀመሩ 100 ካንሰሮች 45 ያህሉን ብቻ ያገኛል፤ ኤኤፍፒ የሚባለው የደም ምርመራ ሲታከልበት 63 ይደርሳል። ስለዚህ ሁለቱንም ይጠይቁ። ደሙ ንጹሕ ነው ብላችሁ አልትራሳውንዱን አትተዉ፤ ካንሰር እያለም ኤኤፍፒ ያልጨመረባቸው ብዙ ናቸው።

እብጠት ቢታይ አትደንግጡ፤ ሁሉም ካንሰር አይደለም። ከ1 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከ3 ወር በኋላ ዳግም ይታያል። ከዚያ ከበለጠ በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ ሲቲ ስካን ይነሣሉ። ካንሰር ከሆነ መድኃኒቱ ቶሎ ገብቶበት ያበራል፣ ከቀረው ጉበትም ቀድሞ ይጠፋበታል። ሲሮሲስ ባለበት ሰው ይህ ምልክት በግልጽ ከታየ ሥጋ ቆርጦ መመርመር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። አልትራሳውንዱን እዚያው መካነ ሰላም መነሣት ከቻሉ ይነሡ፤ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ የሚያስኬደው ሲቲ ስካን ሲያስፈልግ ነው።

የቫይረሱን መድኃኒት በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ አረቄም ጠላም ይቅርባቸው፤ የሻገተ እህል አይብሉ። እርስዎ፣ እናትዎና ወንድም እህቶችዎ ደግሞ በዚህ ሳምንት ደማችሁን አስመርመሩ፤ ቫይረሱ የሌለባችሁ ክትባቱን ትወስዳላችሁ።