የመጀመሪያውን ልደት በቤት ውስጥ

ጥያቄ፦ ልጄ በሚቀጥለው ወር አንድ ዓመት ይሞላታል። አዳራሽ ለመከራየት አቅማችን አይፈቅድም፤ ቤት ውስጥ ልናከብርላት አስበናል። ቀኑ ግን ጾም ላይ ይውላል። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ! ከሰዓቱ ይጀምሩ። እንግዶችን የሚጠሩት ልጅቷ ከቀን እንቅልፏ ነቅታ ከበላች በኋላ ይሁን። የእኛ ሰው ከተሰበሰበ መምሸቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ስትደክም ወደ ጓዳ ወስዶ የሚያስተኛት ሰው አስቀድመው ይምረጡ።

ኬክ የግድ አይደለም። ጥቁር አዝሙድ ጣል የተደረገበት፣ በኮባ ቅጠል የተጋገረ ድፎ ዳቦ ለጿሚውም ለማይጾመውም ይሆናል፤ ሻማውም እሱ ላይ ይተከላል። ለእሷ ከቅርፊቱ ሳይሆን ከመሀሉ ለስለስ ያለውን ቆርሰው፣ ከተፈጨ ሙዝ ጋር ይስጧት። ሁለት ዓመት እስኪሞላት ስኳር የተጨመረበት ነገር ባይሰጣት ይመረጣል።

አጥብቄ የምለምንዎ ስለ ቡናው ነው። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ለውዝ የሕፃን ጉሮሮ ያንቃሉ፤ እስከ 4 ዓመት አይሰጡም። አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ከወለል ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ስለዚህ ፈንዲሻው በሰፌድ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ መሬት ላይ አይበተን። ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ ጭሱም እሳቱም ከእሷ ይርቃል። ፊኛ ከሰቀሉ፣ የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው ያንሱ።

ማስጌጫው ብዙም አያሳስብዎ። በዚህ ዕድሜ ከማስጌጫው ይልቅ የምታውቀው ፊት ያስደስታታል፤ አያቶቿን አጠገቧ ያስቀምጡ።