የዕፅዋት ዘይቶች በውሻ ቆዳና ፀጉር እንክብካቤ፦ የሚበላ፣ የሚቀባና መዓዛማ ዘይት ልዩነት

አጠቃሎ

የውሻ ፀጉር ሲደበዝዝ ወይም ቆዳው ቅርፊት ሲያወጣ ባለቤቶች በቅድሚያ ከሚሞክሯቸው ነገሮች አንዱ የዕፅዋት ዘይት ነው። ይህ ጽሑፍ «ተፈጥሯዊ ዘይት» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ለያይቶ ይመረምራል፤ እነዚህም ከምግብ ጋር የሚሰጥ ዘይት፣ በቆዳ ላይ የሚቀባ ዘይት እና ከዕፅዋት ተነጥሮ የሚገኝ መዓዛማ ዘይት ናቸው። የመጀመሪያው ጠንካራ ሥነ ሕይወታዊ መሠረት አለው፤ የሁለተኛው ጠቀሜታ ውሱን ነው፤ ሦስተኛው ግን ለውሻው ሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

መግቢያ

የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ የሚለይባቸው መሠረታዊ ነጥቦች አሉ። ኤፒደርሚስ የተባለው የላይኛው ሽፋን ከሰው ይልቅ ቀጭን ነው፤ የሰው ቆዳ በጉልህ አሲዳማ ሲሆን የውሻው ግን ወደ ገለልተኛ የተጠጋ ነው። ከዚህም በላይ ውሻ አካሉን ስለሚልስ በቆዳው ላይ የተቀባ ማንኛውም ነገር ውሎ አድሮ ወደ ሆዱ ይገባል። ስለዚህ አንድ ዘይት ለሰው ቆዳ መስማማቱ ለውሻም ይስማማል ለማለት በቂ ማስረጃ አይሆንም።

ከምግብ ጋር የሚሰጥ ዘይት

ሊኖሌይክ አሲድን የውሻ አካል ራሱ ማዘጋጀት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ይኖርበታል። ይህ አሲድ ሴራማይድ ከተባሉት ቅባቶች ጋር ተጣምሮ በውጨኛው የቆዳ ንብርብር ሕዋሳት መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል፤ ውሃ ከአካል በብዛት እንዳይተንም ያግዳል። ሲጎድል ፀጉሩ ይደርቃል፣ ቆዳው ይቀረፋል፣ ለኢንፌክሽንም ይጋለጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሴቦሪያ በተባለው የቆዳ ሕመም በተያዙ ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት በቆዳቸው ውስጥ የሊኖሌይክ አሲድ መጠን ዝቅ ብሎ እንደተገኘና የሱፍ አበባ ዘይት ከምግብ ጋር ሲሰጣቸው መጠኑ እንደተስተካከለ አሳይቷል።

ይሁን እንጂ በወጥ ቤት የሚገኝ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። በኢትዮጵያ የሚመረተው የኑግ ዘይት 70 በመቶ ያህሉ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። በሰሊጥ ዘይት ውስጥ ሊኖሌይክና ኦሌይክ አሲድ በተቀራራቢ መጠን ይገኛሉ። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ግን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሚይዝ ለዚህ ዓላማ ብዙም አይረዳም። የተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ሆኖም የውሻ ጉበት ይህን አሲድ ቆዳ መቆጣትን ወደሚያበርዱት ረጃጅም የኦሜጋ 3 አሲዶች የሚለውጠው በጥቂቱ ብቻ ነው። በመሆኑም ተልባ የዓሣ ዘይትን ሙሉ በሙሉ አይተካም። የተልባ ዘይት በብርሃንና በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽም በጨለማና በቀዝቃዛ ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል።

የመጠን ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። የ10 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ውሻ በዕረፍት ላይ ሳለ በቀን የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 400 ኪሎ ካሎሪ ነው። ስለዚህ አንዲት ማንኪያ የዚህን ኃይል ሦስት ዐሥረኛ ያህል ትሸፍናለች። በድንገት የተጨመረ ብዙ ቅባት ተቅማጥን፣ በተጋላጭ ውሾች ላይም የቆሽት መቆጣትን ሊያስከትል ይችላል።

በቆዳ ላይ የሚቀባ ዘይት

የሚበላ ዘይት በቆዳ ላይ ሲቀባ ሽፋን ሠርቶ የውሃ ትነትን ይቀንሳል፤ የደረቀ ቅርፊትንም ያለሰልሳል። ነገር ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። አንደኛ፣ በውሻ ቆዳ ላይ የሚኖረው ማላሴዚያ ፓኪደርማቲስ የተባለው እርሾ ቅባት ወዳድ ነው። ቀድሞውኑ ወዝ የበዛበትንና መጥፎ ጠረን ያለውን ቆዳ በዘይት ማሸት ይህን እርሾ መመገብ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዘይት የበሽታውን መልክ ይሸፍናል። እከክ፣ ቁንጫና ጭርት ሁሉም ፀጉርን ያረግፋሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ሳርኮፕቲክ እከክ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ በዘይት ማሸት ሳቢያ የሚባክነው ጊዜ ለቤተሰቡም የሚተርፍ ጉዳት ያመጣል።

መዓዛማ ዘይቶች

ከቅጠልና ከአበባ የሚነጠሩ መዓዛማ ዘይቶች በኬሚካዊ ይዘታቸው ከኑግ ወይም ከሰሊጥ ዘይት ፈጽሞ የተለዩ ናቸው። ሞለኪውሎቻቸው ትናንሽ በመሆናቸው ቆዳን ዘልቀው በፍጥነት ወደ ደም ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ቲ ትሪ በተባለው ያልተበረዘ ዘይት የተመረዙ 443 ውሾችንና ድመቶችን መርምሯል። ከታዩት ምልክቶች መካከል የለሃጭ መብዛት፣ ድብታ፣ መንገዳገድና መንቀጥቀጥ ይገኙበታል፤ እነዚህም እስከ 72 ሰዓት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 በተዘገበ ሌላ አጋጣሚ፣ ቁንጫ ለማጥፋት ፔኒሮያል ከተባለ የናና ወገን ተክል የተነጠረ ዘይት የተቀባ ውሻ ጉበቱ ተጎድቶ ሞቷል።

ጉሎም የራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ራይሲን የተባለው መርዝ በውሃ የሚሟሟ ፕሮቲን በመሆኑ በሚገባ በተጣራ ዘይት ውስጥ አይገኝም፤ በፍሬውና በፋጉሎው ውስጥ ግን ይቀራል። ዘይቱ በቤት ሲጨመቅ ፋጉሎው ውሻ በሚደርስበት ስፍራ መጣል የለበትም።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ትንተና የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመነጫል። መጀመሪያ ጥገኛ ተሕዋስያንና ኢንፌክሽን በምርመራ ሊለዩ ይገባል። ቀጥሎ የውሻው አመጋገብ ይታያል፤ ቅሪት ምግብ ብቻ ለሚበላ ውሻ በልክ የተጨመረ የኑግ ዘይት ምክንያታዊ አማራጭ ነው። ለውጡ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል። መዓዛማ ዘይት ግን ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ሊቀባ አይገባም።

ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመች ጥያቄም ከዚህ ይነሣል፦ የኑግ ዘይትን ከፓልም ዘይት ጋር በማነጻጸር፣ መዛኙ የትኛው ውሻ የትኛውን ዘይት እንደወሰደ ሳያውቅ፣ የቆዳን የውሃ ትነትና የቅባት አሲድ ይዘት ቢያንስ ለ12 ሳምንት መለካት። በቀላሉ የሚገኝ የአገር ውስጥ ምርት ያለውን ጥቅም ከልማድ አውጥቶ በመረጃ ላይ የሚያቆመው እንዲህ ያለ ልኬት ነው።