የሚበላ ዓሣ መንጠቆን ስለ ምን ይተዋል?

አንባቢ ሆይ፤ ዓሣን መብላት በብልኃት እንደ ሆነ ሁሉ ይናገራል። ማጥመዱም እንዲሁ በብልኃት እንደ ሆነ የሚያስተውል ግን ጥቂት ነው። በለቡ መብራት ኃይል ከሚኖሩ ተማሪዎች አንዳንዶቹ በዕረፍት ቀን ዘንግና ክር ይዘው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይወርዳሉ። በዚያም ዓሦች ወደ ውኃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያያሉ፤ በክራቸው ላይ ያለው ቡሽ ግን ከጥዋት እስከ ቀትር አይነቃነቅም። በዚህ ጊዜ «ዓሣው ተንኰለኛ ሆነ» ይላሉ። ዓሣ ግን ተንኰል የለውም፤ ምክንያት አለው እንጂ። እንግዲህ አስቀድመን ምክንያቱን እንመርምር፤ ከዚያም በኋላ ለአካሄዳችን የሚሆነውን ትምህርት እናውጣ።

ፊተኛው ምክንያት፤ ዓሣው ሌላ መብል አለው። በሀገራችን ኩሬዎችና ሐይቆች በብዛት የሚገኘው ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ይህ ዓሣ ትንሽ ሳለ በውኃ ውስጥ የሚንቀሳቀሱትን ደቃቅ ነፍሳትና የትንኝ ዕጮችን ይበላል፤ ካደገ በኋላ ግን ዋና መብሉ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቂቅ ዕፅ ነው። ውኃውን በአፉ ስቦ በስንጥቡ በኩል ያስወጣዋል፤ ደቂቁ ዕፅ ግን በጕሮሮው ተይዞ ይቀርና ይውጠዋል። ሆዱም ብርቱ አሲድ ስላለው ለብዙ ዓሦች የሚከብደውን ይፈጫል፤ ይህም በኡጋንዳ በጆርጅ ሐይቅ ተመርምሮ በ1973 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ተገልጧል። ውኃው ሁሉ ገበታ ለሆነለት ዓሣ በመንጠቆ ላይ የተሰካ አንድ ትል ምኑ ነው? ትልን ከቶ አይነካም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አይፈልገውም። አምባዛ ግን ሥጋ የሚወድ ነውና በሌሊት በሽታ እየተመራ ይፈልጋል። ስለዚህ የሐይቅ ሰዎች ብዙውን ጊዜ አምባዛን በመንጠቆ፥ ቆሮሶን በመረብ ይይዛሉ።

ሁለተኛው ምክንያት፤ ዓሣው የሚበላ ይመስላል እንጂ አይበላም። ያ አረንጓዴ ዕፅ ቀን በፀሐይ ብርሃን ለውኃው ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም ይተነፍሳልና ከውኃው ይወስዳል። ስለዚህ ጎሕ በሚቀድበት ሰዓት በኩሬው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን እጅግ ያንሳል። ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው ከአየር ጋር የተገናኘውን ስስ ውኃ ይስባሉ። የማያውቅ ሰው «ቍርሳቸውን እየበሉ ነው» ይላል፤ እነርሱ ግን በጭንቅ ላይ ናቸው። በቢሾፍቱ በባቦጋያ ሐይቅ በብርድ ወራት የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር በተደባለቀ ጊዜ ብዙ ዓሣ የሞተበት ወቅት አለ።

ሦስተኛው ምክንያት፤ ዓሣይቱ እናት ናት። የቆሮሶ እንስት እንቍላሏን በአፏ ትሰበስባለች፤ ከተፈለፈሉም በኋላ ልጆቿን በአፏ ትጠብቃለች። ይህም ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። በእነዚህ ቀኖች አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ለእንቍላሏ ውኃ ታመላልሳለችና። እርሷ ግን መብል የምትቀምሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

ታዲያ እነዚህ በምን ይለያሉ? አስተዋይ ሰው ዘንጉን ከመርገም ይልቅ ይመረምራል። ውኃውን በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ቢያነሣውና አረንጓዴ ቢሆን፥ መብሉ በዙሪያው እንዳለ ያውቃል። ዓሦቹ በጎሕ ተሰብስበው ታይተው ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ወደ ጥልቁ ቢመለሱ፥ ያጡት ኦክሲጅን እንደ ነበረ ያስተውላል። በመረብ የተያዘውንም ሆዱን ከፍቶ ቢያይ መብሉን ያገኛል። ከለቡ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚሄድ ሰው ስለዚህ ነገር የሚሠራ የዓሣ ምርምር ማዕከል በዚያ እንዳለ ይወቅ፤ ዓሣ በኩሬ እንዴት እንዲኖር በዚያ ይጠናል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ከዚህ ምን እንማራለን? ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በ1፥14 ሰው በገዛ ምኞቱ ተስቦ እንደሚታለል ያስተምራል። በዚያ ስፍራ ያለው የግሪክ ቃል የመጣው አጥማጅ ከሚያስቀምጠው ማታለያ መብል ስም ነው። ስለዚህ ምሳሌው ከእኛ የተፈጠረ አይደለም።

1ኛ፤ ከመንጠቆ የሚያድነው ጥጋብ ነው። ሰሎሞን በምሳሌ 27፥7 ለጠገበ ሰው ማር እንኳ እንደማያጓጓው፥ ለተራበ ግን መራራው እንደሚጣፍጠው ያሳየናል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ አንድ ወጣት እናስብ። ባልንጀራው ወደ ውርርድ ቤት ይጠራዋል፤ በ50 ብርም 500 ብር ያገኛል። ያ የመጀመሪያው ትርፍ ትሉ ነው፤ መንጠቆው በውስጡ አለ። ከዚያ በኋላ የእናቱን የቤት ኪራይ እስኪያስይዝ ድረስ ክሩ ይስበዋል። እኛ ሽማግሎች ግን በዳር ቆመን «መንጠቆ ነው! መንጠቆ ነው!» እያልን እንጮኻለን። ጩኸታችን እውነት ነው፤ ነገር ግን የተራበውን አያጠግብም። ወጣቱ የተራበው ገንዘብን ብቻ አይደለም፤ ሥራንና ክብርን፥ የሚሰማውንም ሰው ተርቧል። አባት ሆይ፥ ማታ ከልጅህ ጋር ተቀመጥና ስማው። የእጅ ሥራ የምታውቅ ሆይ፥ አንዱን ወጣት ከአጠገብህ አድርገህ አስተምረው። የማኅበር መሪ ሆይ፥ ቃሉን አብረኸው አንብብ፥ ማዕድህንም አካፍለው።

2ኛ፤ የሚተነፍሰውን እንደሚበላ አትቍጠር። በጉባኤ መካከል አፉን ከፍቶ የሚዘምር ሁሉ ጠግቧል ማለት አይደለም። ምናልባት ነፍሱ ታፍና አየር የምትሻ ናት። እንዲህ ያለው ሰው ስብከት ከመጨመር አስቀድሞ በቀስታ «እንዴት ነህ?» ብሎ የሚጠይቀው ይፈልጋል።

3ኛ፤ ፍቅር ከመንጠቆ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ነፍስ ያለው ሰው በፊቱ የቀረበውን ሁሉ ሊጐርስ አይቸኵልም። ጕቦ በቀረበልህ ጊዜ በእጅህ ያሉትን ልጆች አስብ፤ አንተ በተያዝህ ጊዜ እነርሱም ይበተናሉና።

ምናልባት አንድ ሰው «ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሰው አጥማጆች አደርጋችኋለሁ ብሏል፤ ታዲያ ወንጌልስ ማታለያ መብል አይደለምን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ጴጥሮስና እንድርያስ በተጠሩበት ቀን የያዙት መረብ ነበረ። ወንጌል በውስጡ ስለት የተሸሸገበት ትል አይደለም፤ ራሱ እንጀራ ነው። በእርዳታ ዱቄት ወይም በትምህርት ቤት ተስፋ ሰውን የሚያባብል ሰባኪ ቢኖር፥ የሌላውን አጥማጅ ሥራ እንደሚሠራ ይወቅ።

ስለዚህ ባልንጀራህ በመንጠቆ ተይዞ ባየኸው ጊዜ «ሞኝ ነው» ከማለትህ በፊት «የራበው ምን ነበር?» ብለህ ጠይቅ። መልሱን ባገኘህ ጊዜም ከእጅህ ያለውን አትከልክለው። የሕይወት እንጀራ የሆነ ጌታ እኛን ያጥግበን፤ በእኛም እጅ የተራቡትን ይመግብ። አሜን።