ከሠንጠረዡ ግርጌ እስከ ሊሎንግዌ

የ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሲጠናቀቅ አዳማ ከተማ ከወራጆቹ ሦስት ክለቦች አንዱ ነበር። ዓመቱ ለማንም የቀለለ አልነበረም። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰርዞ፣ የ2013ቱ በየክለቡ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ ተካሄደ። አዳማ ከአዘጋጅ ከተሞቹ ውስጥ አልነበረችም። ስለዚህ የአዳማ ልጆች ከተደረጉት 24 ጨዋታዎች አንዱን እንኳ በከተማቸው አበበ ቢቂላ ስታዲየም፣ በገዛ ደጋፊያቸው ፊት አላደረጉም። ዓመቱን ሙሉ ከሆቴል ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ሆቴል ነበር ኑሯቸው። ሽንፈት ሲደራረብ ትከሻ መታ አድርጎ «አይዞህ!» የሚል የሰፈር ሰው እንኳ አጠገባቸው አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው እስከዚህ ያለውን ነው። እኔ ግን የዚህ ቡድን እውነተኛ ታሪክ ከዚያ በኋላ የሚጀምር ይመስለኛል።

በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ምክንያት መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ በሊጉ መሳተፍ አልቻሉም ነበር። የእነሱን ቦታ የሚሞሉ ሦስት ክለቦችን ለመለየት በሐዋሳ የማሟያ ውድድር ተዘጋጀ። ዕድሉ የተገኘው በወገኖቻችን መከራ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም፤ ሦስቱም ክለቦች በ2017 ወደ ሊጉ ሲመለሱ ደስታው የሁላችን ነበር። በሐዋሳ የተገናኙት ስድስት ናቸው፦ ከሊጉ የወረዱት አዳማ ከተማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ከተማ በአንድ ወገን፣ ከታችኛው እርከን፣ ከከፍተኛ ሊግ የመጡ ሦስት ክለቦች በሌላ ወገን።

እስቲ ለአፍታ በአንዱ ተጫዋች ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ዓመቱን ሙሉ ተሸንፋችሁ ወርዳችኋል። ጉልበታችሁ ዝሏል፣ ስማችሁ በየካፌው ይነሣል፣ ጓደኞቻችሁ እረፍት ላይ ናቸው። እናንተ ግን ታኬታችሁን እንደገና ማሰር አለባችሁ። ፊት ለፊታችሁ የቆመው ደግሞ ፕሪሚየር ሊግን ለመቅመስ አንድ እርምጃ የቀረው፣ የጓጓ ተጋጣሚ ነው። በወኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከታች የመጡት ያሸንፉ ነበር።

ሦስቱንም ቦታ የወሰዱት ወርደው የነበሩት ክለቦች ናቸው።

እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው። እነዚያ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የከረሙት ከፋሲል ከነማ፣ ከኢትዮጵያ ቡና፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ሲታገሉ ነው። በየጨዋታው ይበልጥ ፈጣን ሩጫ፣ ይበልጥ ጥብቅ መከላከል፣ ለስሕተት ምሕረት የሌለው አጥቂ ይገጥማቸው ነበር። ነጥቡን አጡ፤ ልምዱ ግን እግራቸው ውስጥ ቀረ። ሠንጠረዡ ስንት ጊዜ እንደተሸነፋችሁ ይመዘግባል፤ በምን ደረጃ ስትታገሉ እንደከረማችሁ ግን አይመዘግብም። ከጠንካራ ጋር የተሸነፉበት ዓመት ከደካማ ጋር ካሸነፉበት ዓመት የበለጠ ሰው ያደርጋል ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

በ2014 ሊጉ ራሱ ወደ አዳማ መጣ። ጨዋታዎች በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ተደረጉ፤ ተማሪ ከክፍል ወጥቶ የአገሪቱን ታላላቅ ክለቦች በግቢው ሜዳ ሊያይ ቻለ። አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። ከከተማዋ ውጭ በኮረብታው ላይ የኃይል ማመንጫዎቹን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ ሜዳ ላይ ሲደርስ ለማንም አያዳላም። ግብ ጠባቂው አርቆ የለጋው ኳስ አየር ላይ ይቆምና ወደ ራሱ ሜዳ ይመለሳል፤ የረጅም ኳስ ዕቅድ በአምስት ደቂቃ ይፈርሳል። እዚያ ያደገ ልጅ ኳስን መሬት ላይ አድርጎ፣ አጭር አጭር እየተቀባበለ መሄድን የሚማረው ከሰፈሩ አየር ነው።

በዚያው ዓመት የአዳማን መለያ የሚለብስ አንድ አጥቂ ነበር፤ ዳዋ ሆጤሳ። ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ፣ በያውንዴው ኦሌምቤ ስታዲየም፣ በአዘጋጇ ካሜሩን ላይ ገና በ4ኛው ደቂቃ ግብ አስቆጠረ። ጨዋታው 4 ለ 1 በሆነ ሽንፈት አለቀ፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ዋልያዎቹም ከምድባቸው ሳያልፉ ተመለሱ። ዳዋ ግን በዚያ አላበቃም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በውበቱ አባተ የሚሠለጥነው ብሔራዊ ቡድን፣ የራሱን «የሜዳ ጨዋታ» በማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ለማድረግ ተገድዶ፣ ከጥቂት ወራት በፊት ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የደረሰችውን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው ዳዋ ሆጤሳ፣ ሁለተኛዋን ሽመልስ በቀለ ነበር። አዳማ በሐዋሳ እጅ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዳዋ በዚያ ዓመት በፕሪሚየር ሊግ የሚለብሰው የአዳማ መለያ አይኖርም ነበር።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ተማሪዎች ልምጣ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ስንቱ ቤት በዚያ ሰሞን እንዳዘነ መገመት አይከብድም። ከዚያ የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ተከፈተ፤ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ በዚያ በኩል የረገጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ዕድሉን የተጠቀሙበት ውጤቱን ባዩ ዕለት ደብተራቸውን ያልቀደዱት ናቸው። ፈተናው ከበዳችሁ ማለት ከባድ ነገር ሞክራችኋል ማለት ነው። ከፊዚክሱ የቱ ምዕራፍ እንደጣላችሁ ዛሬ ታውቃላችሁ፤ አምና አታውቁም ነበር።

ለነጋዴውም፣ ለሥራ ፈላጊውም ቃሌ ያው ነው። የወደቃችሁበትን ዓመት ዝም ብላችሁ አትቅበሩት፤ ወረቀት አውጡና ያስተማራችሁን ጻፉ። የለመዳችሁትን የሥራ ሰዓት አትልቀቁ፤ ሥራ የሚሰጣችሁ ባይኖርም በሰዓቱ ተነሡ፣ በሰዓቱ ውጡ። ከሰው አትደበቁ፣ የሚያውቋችሁ ሰዎች ናቸውና ቀጣዩን በር የሚነግሯችሁ። ከቻላችሁም ከእናንተ ከሚበልጡት ጋር ተወዳደሩ፤ ብትሸነፉም።

የማሟያው ውድድር መቼ እንደሚጠራ ማንም አይነግራችሁም። ልምምዱን ዛሬ ጀምሩ።