ምክንያትና ውጤት በገላጭ ድርሰት፤ «ቱቦው ሲደፈን»

ገላጭ ድርሰት ከሚጻፍባቸው ስልቶች አንዱ የአንድን ነገር ምክንያትና ውጤት አያይዞ ማስረዳት ነው። ስልቱ ለዐይን ቀላል ይመስላል፤ ዝናብ ዘነበ፣ ወንዝ ሞላ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ውጤቱ ከምክንያቱ አጠገብ ቆሞ አይገኝም። በመካከላቸው አራት አምስት ደረጃ ይኖራል። ጸሐፊው ከነዚህ አንዱን ቢዘል አንባቢው መንገድ ይስታል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጸሐፊው መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈበትን ነገር ምክንያት አድርጎ ሲያቀርብ ነው፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ በማይገባው ሰው ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የተመረጠው ተራ የቤት ውስጥ ብልሽት ነው። በደጋ የምትኖሩ ተማሪዎች የአየር ማቀዝቀዣ በቤታችሁ ላይኖር ይችላል፤ በድሬዳዋ፣ በጋምቤላና በሰመራ ያላችሁ ግን ድምፁን ሳይቀር ታውቁታላችሁ። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ በየአንቀጹም «ይህ ከምን መጣ?» እያላችሁ ጠይቁ።

ምንባብ

የአየር ማቀዝቀዣ፣ በብዙዎች አነጋገር ኤርኮንዲሽነር ወይም ኤሲ፣ የሚታወቀው በሚሰጠው ቅዝቃዜ ነው። ታሪኩ ግን የጀመረው ከእርጥበት ጋር በተደረገ ትግል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት መሣሪያ ሲነድፍ ዋና ዓላማው የአየሩን እርጥበት መቆጣጠር ነበር፤ ወረቀቱ በእርጥበት ምክንያት እየሰፋና እየተኮማተረ፣ ተራ በተራ የሚታተሙት ቀለሞች አልገጣጠም ብለው አስቸግረው ነበርና። ስለዚህ ከማቀዝቀዣ ውሃ መውጣቱ ብልሽት ሳይሆን የመሣሪያው ሥራ ነው። ብልሽቱ የሚጀምረው ውሃው መሄጃ ሲያጣ ነው።

ውሃው ከየት ይመጣል? ከእሳት ላይ ያለ ድስት ሲከፈት ከክዳኑ ሥር ጠብታ ይወርዳል። እንፋሎቱ ከእሱ ይልቅ ቀዝቀዝ ካለው ክዳን ጋር ተገናኝቶ ወደ ውሃ ስለ ተለወጠ ነው። አረቄ የሚያወጡ እናቶችም በዚሁ የተፈጥሮ ሕግ ይጠቀማሉ። ሞቃት አየር ብዙ ተን ይሸከማል፤ ቀዝቃዛ አየር የሚሸከመው ጥቂት ነው። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ያህል ተን መያዝ ሲችል፣ በ10 ዲግሪ የሚይዘው ከ10 ግራም በታች ነው። የክፍሉ አየር በማቀዝቀዣው ውስጥ በቀዝቃዛ ቧንቧዎች መካከል ሲያልፍ፣ ሊሸከመው ያልቻለውን ተን እዚያው ይጥለዋል። ውሃውም በቧንቧዎቹ ላይ እንደ ላብ ይቋጠርና ከሥር ወዳለው መቀበያ ገበቴ ይወርዳል፤ ከገበቴውም በአንድ ቀጭን የፍሳሽ ቱቦ ወደ ውጭ ይሄዳል። እንደ ጅቡቲ፣ ጅዳና ዱባይ ባሉ የባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ አየሩ ሞቃትና እርጥብ በሆነባቸው ወራት፣ ከአንድ ክፍል ማቀዝቀዣ በቀን ብዙ ሊትር ውሃ ይወርዳል።

ይህ ቱቦ የሚደፈነው በአንድ ጀምበር አይደለም። ከአየሩ ጋር የሚገባውን አቧራ ለማስቀረት የተሠራ ማጣሪያ አለ፤ ማጣሪያው በየጊዜው ካልታጠበ ወይም ከተቀደደ አቧራው አልፎ ከገበቴው ውሃ ጋር ይቀላቀላል። ገበቴውና ቱቦው ዘወትር እርጥብና ጨለማ ስለሆኑ ጥቃቅን ሕዋሳት ይራቡባቸዋል፤ ከአቧራው ጋር ተዋሕደውም ልጋግ የሚመስል ዝቃጭ ይሠራሉ። ዝቃጩ የቱቦውን ውስጥ በቀን በቀን ያጠበዋል። አንዳንድ ጊዜም በውጭ ባለው የቱቦው አፍ ተርብ በጭቃ ቤቱን ይሠራበታል። ቱቦው ሲገጠም ቁልቁል እንዲያዘነብል ካልተደረገ ወይም መካከሉ ላይ ከጎበጠ ደግሞ ውሃው ይተኛበትና ዝቃጩ ፈጥኖ ይከማቻል። ይህ የመጨረሻው የገጣሚው ጥፋት ነው፤ የቤቱ ባለቤት ምንም ያህል ቢያጸዳ አያድነውም።

ቱቦው ሲደፈን ገበቴው ይሞላል፤ ሲሞላም ይፈሳል። በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ማቀዝቀዣ ውሃው ግድግዳውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል። ማቀዝቀዣው ከኮርኒስ በላይ የተገጠመ ከሆነ ጉዳቱ ተደብቆ ይቆያል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ሲያይ ነው። በፎቅ ቤት ያን ክብ መጀመሪያ የሚያየው ከታች የሚኖረው ጎረቤት ይሆናል፤ ከዚያም ጠብ ይነሣል። የራሰ ጣውላ፣ ጂፕሰም ወይም ምንጣፍ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ካልደረቀ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ሻጋታውም አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል። አንዳንድ ማቀዝቀዣዎች ገበቴው ሲሞላ መሣሪያውን በራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ መቆጣጠሪያ አላቸው። ይህን የማያውቅ ባለቤት «ተቃጠለ» ይላል፤ ጠጋኝም ጠርቶ ለማያስፈልግ ጋዝ ገንዘብ ይከፍላል።

ጉዳዩ ከቤት ውጭም ይዘልቃል። ከቱቦው የሚወርደውን ውሃ በጀሪካን ወይም በባልዲ የሚያጠራቅሙ ብዙዎች ናቸው፤ ሳይደፋ የሚቀር ውሃ ግን ለትንኝ መራቢያ ይሆናል። የደንጊ በሽታን የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በሰው ደጅ ባለ ጥቂት የረጋ ውሃ ነው፤ በሞቃት ስፍራም ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃታል። ድሬዳዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የደንጊ ወረርሽኝ ስለ ደረሰባት፣ በዚያች ከተማ ከማቀዝቀዣ ሥር የተቀመጠ ባልዲ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላ ማጣሪያው ይታጠባል፤ ቱቦው ከውጭ አፉ በኩል በመምጠጫ ይሳባል፤ ጥቂት ኮምጣጤ በገበቴው በኩል ይፈስበትና ቆይቶ በውሃ ይለቀለቃል። በረኪናና ኮምጣጤ ግን ፈጽሞ አይደባለቁም፤ ሲደባለቁ መርዛም ጋዝ ይወጣቸዋልና።

ማብራሪያ

ምንባቡ ከቅዝቃዜ ተነሥቶ እስከ ጎረቤት ጠብና እስከ ትንኝ የደረሰው በዝላይ አይደለም። ተን፣ ጠብታ፣ ገበቴ፣ ቱቦ፣ ዝቃጭ፣ ሙላት፣ ፍሳሽ፣ ሻጋታ፤ እያንዳንዱ ለሚቀድመው ውጤት፣ ለሚከተለው ምክንያት ነው። ከነዚህ «ገበቴ»ን አውጥታችሁ ምንባቡን መልሳችሁ ብታነቡ ውሃው ለምን ቱቦው በተደፈነበት ቅጽበት እንደማይፈስ ማስረዳት ይሳናችኋል።

አሁን ወደ ሰዋስው እንለፍ። የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር አንድ የቤት ባለቤት ጻፈው እንበል።

«ሠራተኛዋ ወለሉን ስታጥብ ግድግዳው ራሰ።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል ላይገኝ ይችላል። ሠራተኛዋ ወለሉን አጥባለች፤ ግድግዳውም ርሷል። «ስታጥብ» በሚለው ግስ ላይ ያለው «ስ» (በሌሎች መደቦች «ሲ»፣ «ስን» እየሆነ የሚመጣው) የሚያመለክተው ጊዜን ብቻ ነው፤ ምክንያትን አያመለክትም። አንባቢ ግን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያገኝ አንዱን የሌላው ምክንያት ማድረግ ልማዱ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ሳይከስ ከሰሰ። በጅዳ ወይም በዱባይ፣ ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን በሚሠራበት ቤት ለምታገለግል ኢትዮጵያዊት ይህ ዓረፍተ ነገር የደመወዟ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የሰዋስው ትምህርት ከፈተና ክፍል ውጭ ምን ይጠቅማል ለሚል ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለንም።

ነገሩ ተመርምሮ ከታወቀ በኋላ የሚጻፈው እንዲህ ነው፤ «የፍሳሽ ቱቦው በዝቃጭ ስለ ተደፈነ ውሃው ከገበቴው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ግድግዳውንም አራሰው። ሠራተኛዋ ወለሉን ያጠበችው ግድግዳው ከራሰ በኋላ ነው።» እዚህ ላይ «ስለ» ምክንያትን፣ «በኋላ» ቅደም ተከተልን ለየብቻ ያሳያሉ። «ስለ» ከስም ጋር ሲሆን ሌላ ትርጉም እንዳለው አትዘንጉ፤ «ስለ ቱቦው ተከራከሩ» ሲባል ቱቦው የክርክሩ ርእስ እንጂ የግድ ምክንያቱ አይደለም። ከማሰሪያው ግስ መጨረሻ የሚገባው «-ና»ም ምክንያትን ይገልጻል፤ በምንባቡ ውስጥ «አስቸግረው ነበርና» እና «ይወጣቸዋልና» የሚሉትን ተመልከቱ። ሁለቱም ምክንያቱን ከውጤቱ በኋላ ያስቀምጣሉ።

ሌላው ሊጤን የሚገባው የግሱ ዐይነት ነው። «ደፈነ» ተሻጋሪ ግስ ስለሆነ የሚደፍን ባለቤትና የሚደፈን ተሳቢ ይፈልጋል። «ቱቦውን ደፈኑት» ያለ ሰው «እነማን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል። በቱቦው አፍ የጭቃ ቤት ከተገኘ «ተርቦች ቱቦውን ደፈኑት» ማለት ትክክል ነው። አድራጊው ካልታወቀ ወይም፣ እንደ ዝቃጩ፣ ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ነገር ከሆነ «ቱቦው ተደፈነ» በሚለው በተገብሮው መጠቀም ይሻላል። «ፈሰሰ» እና «አፈሰሰ»፣ «ራሰ» እና «አራሰ» ልዩነታቸው በአንዲት ፊደል ነው፤ በዚያች ፊደል ግን አንድ አድራጊ ይገባል። ተገብሮ ጥፋተኛን ለመደበቅም ሊያገለግል ይችላል። ቱቦውን ያለ ተዳፋት የገጠመ ባለሙያ «ቱቦው አግድም ተገጥሞ ነበር» ብሎ ቢጽፍ፣ «ማን ገጠመው?» ብሎ መጠየቅ የአንባቢው ፈንታ ነው።

መልመጃ

1. የሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ምክንያትን በትክክል ያሳያሉን? ጉድለታቸውን ተናግራችሁ፣ ምንባቡን መሠረት በማድረግ አስተካክላችሁ ጻፏቸው።

ሀ. ጠጋኙ ጋዝ ከሞላ በኋላ ውሃው መፍሰሱን አቆመ።
ለ. ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ኮርኒሳችንን አራሱት።
ሐ. ሙቀቱ ሲበረታ ቱቦው ተደፈነ።

2. «ቀዘቀዘ»፣ «ሻገተ»፣ «ደረቀ» ከሚሉት ግሶች «አ-»ን በመጨመር አዳዲስ ግሶች መሥርቱ። በእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ አድራጊው የት እንደ ገባ አሳዩ። «ሞላ» ግን ያለ «አ-»ም ተሻጋሪ ሆኖ ይገኛል፤ ይህን የሚያሳዩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

3. በምትኖሩበት አካባቢ የሚደፈን ነገር ምረጡ፤ የጣራ አሸንዳ፣ የመንገድ ዳር ቦይ ወይም የመስኖ ቦይ ሊሆን ይችላል። በቦታው ተገኝታችሁ ውሃው ከሚነሣበት እስከሚቆምበት ተከተሉት፤ ከዚያም ከ200 ቃላት ያላነሰ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ ሰዎች በተለምዶ ምክንያት ነው የሚሉትን፣ ስትመረምሩት ግን ያልሆነውን አንድ ነገር ጥቀሱ፤ እንዴት እንዳወቃችሁም አስረዱ። ሲጻፍ የሰው ስም አይጠራ።