ቅርንጫፉን ሳይቆጥሩ አይተኩሱ

ጥያቄ፦ በፔንስልቬንያ አጋዘን የማደን ፈቃድ አውጥቻለሁ። የቀንዱን ቅርንጫፍ ቁጠር የሚለው ደንብ ምን ይጠቅማል? አዳኞችስ ያከብሩታል?

መልስ፦ ደንቡ የወጣው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ከሚገደሉት ወንዶች አብዛኞቹ ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸው ጎረምሶች ነበሩ። አሁን በአብዛኛው የግዛቱ ክፍል በአንዱ ቀንድ ላይ ቢያንስ 3 ቅርንጫፍ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ብዙ ጎረምሶች ለከርሞ ይተርፋሉ። ደንቡ የአጋዘኑን ብዛት ይቀንሳል ብሎ መጠበቅ ግን ከንቱ ነው፤ ብዛቱን በዋናነት የሚወስነው የሴቶቹ አደን ነው።

አብዛኛው አዳኝ ደንቡን ያከብራል። የሚያሳስተው ችኮላና ደብዛዛ ብርሃን ነው። 1 ኢንች ያልሞላ ቅርንጫፍ አይቆጠርም፤ የዋናው ቀንድ ጫፍ ግን ይቆጠራል። (ታዳጊ አዳኞች ቀለል ያለ ደንብ አላቸው።) በስህተት ከገደሉ ሳይደብቁ ለግዛቱ የአደን ኮሚሽን ያሳውቁ።